ስክሪን የሌላት ኮምፒውተርና የሸኻችን ማስታወሻ



ዛሬ የምንጽፍላችሁ በመድረሳችን ዕቃ ቤት ስለተቀመጠች አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ስክሪን የላትም፤ ኪቦርድም ማውስም የላትም። የተሰካባት የመብራትና የኔትወርክ ገመድ ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ እንዲህ ያለውን «ሄድለስ ሰርቨር» ይሉታል፤ ጭንቅላት የሌለው እንደማለት ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ መጨረሻው ላይ የምንጠይቃችሁ ነገር ስላለ ታገሱን።

ነገሩ የተጀመረው በሻሚላ ነው። አል-መክተበቱ ሻሚላን የማያውቅ ደረሳ ዛሬ ጥቂት ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ የዐረብኛ ኪታቦችን የያዘ፣ አንዲት ቃል ስትጽፍለት በሁሉም ውስጥ ፈልጎ የሚያመጣልህ ነጻ ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ግን ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። እኛ ደግሞ ያለችን ኮምፒውተር አንድ ናት፤ እሷም አንድ መሥሪያ ቤት አርጅታለች ብሎ ሲያስወግዳት በሰደቃ የደረሰችን። መጀመሪያ ዊንዶውስ ጭነን መስጂዱ ጥግ አስቀመጥናት። ደረሳው ሁሉ ፍላሹን ይሰካባታል፤ ያ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ይገባል፤ እኛ ፎርማት እናደርጋለን። በሳምንቱ ደግሞ እንደገና።

ከመካከላችን ኮምፒውተር የሚማረው ወንድም አንድ ሐሳብ አመጣ። ኮምፒውተሯ ላይ ዴቢያን የሚባለውን ሊኑክስ ያለ ዴስክቶፕ እንጫን፤ ዊንዶውሱ ደግሞ በውስጡ በቨርቹዋል ማሽን ይኑር። ኬቪኤም የሚባለው ይህን የሚሠራ መሣሪያ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሊኑክስ አካል ስለሆነ የሚከፈልበት ነገር የለም። ዊንዶውሱ የራሱ ኮምፒውተር ያለው ይመስለዋል፤ ሃርድ ዲስኬ ነው የሚለው ግን ሊኑክሱ ላይ ያለ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ካላት 8 ጊጋባይት ራም 4ቱን፣ ከዲስኳም 60 ጊጋባይት ሰጠነው። ለዊንዶውሱ ፈቃድ አዋጥተን ከፈልን፤ በተሰረቀ ቁልፍ ሐዲስ መፈለግ አልተዋጠልንም። ደረሳው በመድረሳው ዋይፋይ ከስልኩ ወይም ከላፕቶፑ በሪሞት ዴስክቶፕ ይገባል። እንዲህ ያለው ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ በሪሞት ስለማያስተናግድ ተራ የሚያዝበት ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ከመድረሳው ውጭ ግን በሩን አልከፈትንም። ሪሞት ዴስክቶፕን በቀጥታ ለኢንተርኔት የከፈተ ሰው ቀንም ሌሊትም የይለፍ ቃሉን የሚሞክሩበት አያጣም።

እንዲህ ስንጽፈው ቀላል ይመስላል። ወላሂ አንድ ሳምንት ፈጅቶብናል። ፕሮሰሰሯ ቨርቹዋል ማሽን ማስኬድ ትችላለች፤ ግን ባዮሷ ውስጥ ተዘግቶ ነበርና እሱን ለመክፈት ከጎረቤት ሱቅ ስክሪን ተዋስን። ስክሪኑን መልሰን ዕቃ ቤት ስናስገባት ደግሞ አልነሳ አለች። ለካስ ኪቦርድ ስላጣች «ኪቦርድ የለም፤ ኤፍ1 ተጫን» እያለች ትጠብቃለች! የሌለ ኪቦርድ እንዴት ይጫናል? ይህንንም ከባዮሷ አስተካከልን፤ መብራት ሄዶ ሲመጣም ራሷ እንድትነሳ፣ ዊንዶውሱንም አብራ እንድታስነሳ አደረግናት።

ከሁሉ የወደድነው ግን ስናፕሾት የሚባለውን ነው። ዊንዶውሱ ንጹሕ ሳለ፣ ሻሚላ ተጭኖ፣ ፊደሉ ተስተካክሎ ሳለ ያለበትን ሁኔታ ታስቀምጠዋለህ። የፈለገ ቫይረስ ቢገባ ወደዚያ ቀን በደቂቃ ትመልሰዋለህ። በሻዕባን አንድ ስናፕሾት አስቀመጥን፤ ከዚያ ወዲህ ከላፕቶፕ በሚገባ ፋይል ቫይረስ በመጣ ቁጥር «መልሰው!» ነው፤ አለቀ። ፎርማት ማድረግ ቀረልን ብለን ለሌሎች መድረሳዎች ሁሉ አወራን።

ሸኻችን ዐይናቸው ደክሟል። ሻሚላን በትልቅ ፊደል ስናሳያቸው በጣም ተደሰቱ። በሸዋል ቡሉገል መራምን ከመጀመሪያው ማስቀራት ሲጀምሩ፣ ከሸኾቻቸው የሰሙትን ከዐስር በኋላ እየነገሩን በወርድ እንድንጽፍላቸው ጠየቁ። በኪታቡ ዳር ያልተጻፈውን፣ በቃል ብቻ የመጣውን ማለታቸው ነው። እኛም እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ፣ ዴስክቶፑ ላይ አንድ ፋይል ከፍተን ጻፍን። አንድ ቀን «ይኼ ነገር አይጠፋም?» አሉን። «አይጠፋም ሸኻችን፤ ሴቭ ተደርጓል፤ ሰርቨር ላይ ነው ያለው» አልናቸው።

በሙሐረም ዊንዶውሱ ተንቀራፈፈ፤ ያ ቫይረስ ተመልሶ መጣ። ከኛ አንዱ እንደ ልማዱ ከስልኩ ሆኖ ወደ ሻዕባኑ ስናፕሾት መለሰው። በማግስቱ ከዐስር በኋላ ፋይሉን ልንከፍት ስንል የለም። 64 ገጽ ነበር።

ስናፕሾት ቫይረሱንና ማስታወሻውን አይለይም። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ዲስክ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ነው የሚያነሳው። ደግሞም የሚቀመጠው እዚያው ዲስክ፣ እዚያው ፋይል ውስጥ ስለሆነ ባክአፕ አይባልም። ይህን ሳናውቅ ቀርተን አይደለም፤ የሚቆጨን እሱ ነው። መጀመሪያ ዊንዶውሱ ውስጥ ሻሚላ ብቻ ነበር፤ ሻሚላ ደግሞ እንደገና ይጫናል፤ መመለሱ ማንንም አይጎዳም ነበር። በኋላ የሸኻችን አማና ገባበት፤ የኛ ልማድ ግን እንደነበረው ቀጠለ። ስክሪን ቢኖራት ኖሮ አንዱ አልፎ ሲሄድ ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ ያየው ነበር እንላለን አንዳንዴ። ሰበብ ነው።

ለመናገር ሦስት ቀን ፈራን። ከመግሪብ በኋላ ተያይዘን ገባንና ነገርናቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ወረቀት ላይስ?» አሉ። «የለም ሸኻችን።» «ቀደሩላህ» ብለው መቁጠሪያቸውን አነሱ። አልተቆጡንም፤ ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

አሁን ከመጀመሪያው እየጻፍን ነው። ፋይሉ የሚቀመጠው ከቨርቹዋል ማሽኑ ውጭ በሊኑክሱ ላይ ነው፤ ዊንዶውሱ በኔትወርክ ብቻ ያየዋል፤ ቢመለስም ባይመለስም አይነካውም። ሌሊት ሌሊት ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል፤ ጁሙዓ ጁሙዓ ደግሞ አትመን ለሸኻችን በእጃቸው እንሰጣለን።

ግን ሁሉም አልተመለሰም። ስለ ውሃ በሚናገረው ባብ የቁለተይን ሐዲስ አለ። በሻፊዒዮች ኪታብ ልኩ ወደ 500 የባግዳድ ርጥል ተብሎ ይነገራል። ሸኻችን ግን ሸኻቸው በሀገራችን ጋን ለክተው ያሳዩዋቸውን፣ ከየትኛው መንደር የሸክላ ሥራ፣ ስንት ጋን እንደሆነ ነግረውን ጽፈነው ነበር። ባለፈው እዚያ ስንደርስ ጠየቅናቸው። ጥቂት አሰቡ። «መንደሩን አውቀዋለሁ፤ ቁጥሩ ጠፋኝ ልጆቼ፤ እናንተ ጽፋችሁት አልነበር?» አሉ።

ከሸዋል እስከ ሙሐረም በዚያ ሐለቃ የተቀመጣችሁ ወንድሞች! አንዳንዶቻችሁ በስልክ ትቀዱ እንደነበር እናስታውሳለን። ስልክ ቀይራችሁ እንደሆነ የድሮውን ሜሞሪ ካርድ ፈልጉልን። ድምፁ ቢንኮሻኮሽም፣ ግማሹ ቢቆረጥም ላኩልን። በተለይ የውሃውን ባብ።