ያላየናቸው ተዋናይት

የታተመ ግጥም ባለቤቱ ካለፈ በኋላም ይነበባል፤ የተሳለ ሥዕልም ከግድግዳ ላይ ሆኖ ሠዓሊውን ያስታውሳል። የመድረክ ተዋናይ ሥራ ግን መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ የሚያልቅ ነው። የሚቀረውም ባዩት ሰዎች ኅሊና ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በዓይናችን ስላላየናቸው አንዲት ተዋናይት ለመጻፍ ብዕራችንን ስናነሣ፣ ነገሩ ድፍረት እንዳይመስልብን አንባብያንን አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን። ተዋናይቱም ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ናቸው።

በአገራችን ዘመናዊ ቴአትር የተጀመረው በ1913 ዓ.ም. ገደማ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» በታየ ጊዜ ነው። ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዓመታት በመድረክ ላይ የሚስትን፣ የእናትንና የሙሽራን ቦታ ይዘው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ጢሙን ተላጭቶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ የሚያለቅስ ጎልማሳ ዛሬ ብናይ እንስቅ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ግን እንደ ነውር የሚቆጠረው ሴት ልጅ ራሷ ብትወጣ ነበር። በሕዝብ ፊት የምትጫወት ሴት አዝማሪ ትባላለች፤ አዝማሪ የሚለውም ቃል የሙያ ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆኖ ይወረወር ነበር። (ስድቡን የሚወረውረው ሰው ማታ ማታ ማሲንቆ ወደሚሰማበት ቤት መሄዱን አልተወም።)

ወይዘሮ አስናቀች በአዲስ አበባ ተወልደው፣ እናታቸውን በሕፃንነታቸው አጥተው በሰው እጅ ያደጉ ናቸው። በ25 ሳንቲም ክራር ገዝተው ድርደራውን በራሳቸው ተማሩ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ወደ መድረክ ሲወጡም በአገራችን በተዋናይነት ከታዩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ይኸውም የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ሲከፈት ለሙያው ደመወዝና ጣሪያ ተገኘለት። ወይዘሮ አስናቀችም በዚሁ ቤት ለረጅም ዘመን ሠሩ። እኛ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ይህን ነገር ከሌላው ይልቅ የምንረዳው ይመስለናል። ስሙ በደመወዝ መዝገብ ላይ የሰፈረ ሰው ከስድብ በመጠኑ ይጠበቃል፤ ሥራው ሥራ መሆኑን ማኅተም መስክሮለታልና። በመጠኑ ግን ነው።

ከዚያ ሁሉ ዘመን ምን ቀረ? ክራራቸውስ ቀርቷል። በፈረንሳይ አገር የሚታተመው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሙዚቃ ተከታታይ 16ኛውን ቁጥር ለእሳቸው ስለ ሰጠ፣ በአንድ ክራርና በአንድ ድምፅ ፍቅርን ሲያሞግሱም ሲነቁሩም ማንም ሰው ዛሬ ሊሰማቸው ይችላል። ትወናቸው ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም። ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው የመጀመሪያው የአማርኛ ፊልምም የዚያው ዓመት ሥራ ነው። በዚያን ጊዜ ወይዘሮ አስናቀች በመድረክ ላይ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ራሔል ሳሙኤል የሠሩት «አስኒ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ለሕዝብ የቀረበው እሳቸው በመስከረም 2004 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ሲሆን፣ ካሜራው ያገኛቸው በእርጅናቸው ወራት ነው። በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በሰንዳንስ የፊልም በዓል የተመልካቾችን ሽልማት ባገኘው «ድፍረት» ላይ ሜሮን ጌትነት የጠበቃዋን ቦታ ይዛ ስትጫወት፣ የልጅ ልጆቻችን እኛ እንዳየናት አድርገው ያዩዋታል። ለቀደሙት ይህ አልሆነላቸውም።

የምንኖረው ጦር ኃይሎች ነው። በሆስፒታሉ ዙሪያ ባለው ሰፈራችን ዕድሜአቸውን በውትድርና የፈጸሙ ሽማግሌዎች አይጠፉም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የከተማ ባቡር ከዚህ ተነሥቶ ሜክሲኮን አልፎ ለገሃር የወረደ ሰው፣ ብሔራዊ ቴአትርን ጥቂት ተራምዶ ያገኘዋል፤ እነዚህ ሰዎች ግን በወጣትነታቸው እሑድ እሑድ መንገዱን በእግራቸው ነበር የሚጨርሱት። ከእነርሱ አንዱ፣ ጎረቤታችን የሆኑት ሻምበል ባሻ፣ ስለ ወይዘሮ አስናቀች ሲጠየቁ አይናገሩም፤ ይነሣሉ። ከዘራቸውን ለእኛ ሰጥተው፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መልሰው ሦስት እርምጃ ይራመዳሉ፤ በአራተኛው ቆም ብለው አንገታቸውን ብቻ ወደ ኋላ ያዞራሉ።

«እንዲህ አድርጋ ስታየው አዳራሹ በሙሉ ሰውየውን ጠላው» ይላሉ።

የቴአትሩን ስም ረስተውታል፤ ሰውየው ማን እንደ ነበረም አያስታውሱም። እርምጃውን ግን በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ አስደግመናቸው ሦስቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። የሚመለከተው ክፍል መቅረጫ ይዞ ወደ እንደነዚህ ያሉ ሽማግሌዎች ቢሄድ፣ በየትኛውም ቤተ መዛግብት የማይገኝ ነገር ያገኛል ብለን እናምናለን፤ ጊዜው ግን አጭር ነው።

የሻምበል ባሻ ሴት ልጅ በተማሪነቷ ዘመን በትምህርት ቤቷ የቴአትር ክበብ የተመሰገነች ነበረች። ቴአትር ልማር ባለች ጊዜ አባቷ «ከእኔ ቤት አዝማሪ አይወጣም» ብለው ከለከሏት፤ የሒሳብ አያያዝ ተምራ ዛሬ በዚያ ትተዳደራለች። ይህን ያጫወተችን እሷው ናት። እኛም አንድ ቅዳሜ ቡና ላይ ተቀምጠን፣ ሻምበል ባሻ እርምጃቸውን ፈጽመው ሲቀመጡ፣ «ይህን ያህል ያደነቁትን ሙያ ለልጅዎ ስለ ምን ነፈጉ?» ስንል ጠየቅናቸው። ብዙ ዝም አሉ።

«ልጄ» አሉን በመጨረሻ፣ «አንተ የምታውቀው ጭብጨባውን ነው። እኔ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ መብራቱ ጠፍቶ እሷ ስትወጣ ከኋላዬ የተቀመጡት ምን ምን ይሉ እንደ ነበር ሰምቻለሁ።»

ልጃቸው ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች ነበር። ቀድታ ስትጨርስ ከዘራውን ከእጃችን ተቀብላ ለአባቷ ሰጠቻቸው።