አሥራ አንድ ጣሳ ቡና

እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ራሳችን የምንናገራት አንዲት የተለመደች ቧልት አለች። «ሩጫ የሚቀናን ብቻችንን ስለምንሮጥ ነው፤ ኳስ የማይሆንልን ተባብሮ መሥራት ስለማናውቅ ነው» እንላለን። ብሔራዊ ቡድናችን ተሸንፎ በተመለሰ ቁጥር በየቡና ቤቱ ይህች አባባል አትቀርም። ተናጋሪው እንደ ጠቢብ ይኮፈሳል፤ አድማጩም የገባው መስሎ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ያደግሁት ያዮ ነው። በዚህ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ አባባሏን በሰማሁ ቁጥር ሆዴን ይቆረቁረኛል።

መቼም ለቧልቷ ማስረጃ ማቅረብ አይቸግርም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልበርን ነው። ለዚያው ኦሊምፒክ የእግር ኳስ ቡድናችን ማጣሪያ ገብቶ በግብፅ ተሸንፎ ቀረ። የሚገርመው፣ ያሸነፈችን ግብፅም በሱዌዝ ቦይ ጦርነት ሳቢያ ሜልበርን ሳትሄድ ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ፣ የ2024ቱን ፓሪስ ጨምሮ፣ የወንዶች እግር ኳስ ቡድናችን የኦሊምፒክን ሜዳ ረግጦ አያውቅም። በሩጫው ግን አበበ ቢቂላ፣ ማሞ ወልዴ፣ ምሩጽ ይፍጠር፣ ደራርቱ ቱሉ ወርቁን እየተቀባበሉ አመጡት። እንግዲህ ቧልተኛው ቢኮፈስ ምን ይፈረድበታል?

የ1988 ዓ.ም. ሐምሌ ግን ትዝ ይለኛል። ኢሉባቦር በሐምሌ እንዴት እንደሚዘንብ ያየ ያውቀዋል። ከበደሌ ወደ መቱ የሚሄድ መኪና ጭቃ ይዞት የሚያድርበት ወር ነበር። ቤታችን ቴሌቪዥን አልነበረም። የነበረችን አንዲት ሬዲዮ ናት፤ ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም የሚሰጣበት ፀሐይ ስለሌለ እማዬ ምድጃ ዳር አሙቃ ነፍስ ትዘራበታለች። በዚያች ሬዲዮ ከአትላንታ የምሥራች በላይ በላዩ መጣ። ፋጡማ ሮባ በኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም የአሥር ሺህ ሜትሩን ወርቅ ወሰደ። እማዬ እልል አለች፤ ጎረቤት ተጠራራ፤ ቡና ተፈላ።

ወንድም ጋሼ አብሮን ተደስቶ ሲያበቃ ሌላ ዜና መጠበቁን ቀጠለ። የሚጠብቀው የናይጄሪያን ኳስ ነበር። ናይጄሪያ በግማሽ ፍጻሜው የገጠመችው ሮናልዶን፣ ሪቫልዶን፣ ቤቤቶንና ሮቤርቶ ካርሎስን ያሰለፈችውን ብራዚልን ነው። ጨዋታው ሊያልቅ አሥራ ጥቂት ደቂቃ እስኪቀረው ድረስ 3 ለ 1 እየተመራች ነበር። ኢክፔባ አንድ አገባ፤ ንዋንኮ ካኑ በመጨረሻዋ ደቂቃ አቻ አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓትም ራሱ ካኑ ጨዋታውን የምትቋጨዋን ጎል አስቆጥሮ 4 ለ 3 ጨረሰው። ካኑ በዚያን ቀን ሃያ ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ናይጄሪያ በፍጻሜው አርጀንቲናን 3 ለ 2 አሸንፋ በኦሊምፒክ እግር ኳስ የመጀመሪያውን ወርቅ ለአፍሪካ አመጣች።

ወንድም ጋሼ ዜናውን ሲሰማ ለኃይሌ ከጮኸው በላይ ጮኸ። እማዬ ደንግጣ፣ «ምን ነካህ አንተ ልጅ? የሰው አገር አይደለም እንዴ?» አለችው።

«ነው እማዬ፤ ግን እኩያዬ ነው» አላት።

እሱም አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እሱም አጥቂ ነበር።

የሰፈራችን ቡድን ኳስ የገዛበትን መንገድ ላጫውታችሁ። ገንዘብ ያለው ልጅ አልነበረም። እያንዳንዱ ተጫዋች ከቤቱ አንድ አንድ ጣሳ ቡና አዋጣ፤ አሥራ አንዱ ጣሳ ተሸጠና አንዱ ልጅ መቱ ድረስ ሄዶ እውነተኛ ኳስ ይዞ መጣ። እስከዚያ የምንለጋው የጨርቅ ኳስ ነበር። ሜዳውን የመነጠሩት በደቦ ነው። ደቦ ደግሞ ለያዮ ሰው ብርቅ አይደለም፤ እርሻውም፣ ቤት ሥራውም፣ ሐዘኑም በደቦ ነው። እና ተባብሮ መሥራት የማያውቀው የትኛው ነው?

ችግሩ ሌላ ነበር። ጥቅምት ሲገባ ቡናው ይቀላል። በረኛው ለለቀማ ወደ ሁሩሙ ይሄዳል፤ ተከላካዩ ከአባቱ ጋር ጫካ ይገባል፤ ትምህርት የገፋው መቱ ይቀራል። ቡድኑ ይበተናል። በዓመቱ ከአዲስ ልጆች ጋር እንደገና ከሀ ይጀመራል። ወንድም ጋሼ አንድ ጊዜ ለምርጫ ተጠርቶ ሄደ፤ ተመረጠም። «ስንፈልጋችሁ እንጠራችኋለን» ተብለው ተሸኙ። የጠራቸው የለም። አንድ መምህር፣ «እግርህ ረጅም ነው፤ ኳሱን ተወውና ሩጥ፤ የዚህ አገር እንጀራ ሩጫ ነው» ብሎ መከረው። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያየውን ነው የተናገረው።

ናይጄሪያኖቹ እንዴት ነው አትላንታ የደረሱት? ካኑ፣ ባባያሮና ኦሩማ እ.ኤ.አ. በ1993 ጃፓን ላይ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን ያነሣው ቡድን ልጆች ናቸው። አሙኒኬ፣ አሞካቺና ኦኮቻ በ1994 የአፍሪካን ዋንጫ ወስደዋል። ሰው ያየው የካኑን ጎል ነው። ከጎሉ በስተ ጀርባ ግን አድገው እስኪገናኙ ሳይበተኑ የቆዩ ልጆች ነበሩ።

«ብቻውን ይሮጣል» የምንለው ሯጫችንስ መቼ ብቻውን ሮጠ? አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ባልደረባ ነበር፤ አሠልጣኙም ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበሩ። ምሩጽ የአየር ኃይል ሰው ነበር። ደመወዝ፣ ቀለብ፣ አሠልጣኝ፣ በየዓመቱ የማይቀር ውድድር ነበራቸው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው አበበ ቢሆንም፣ ከኋላው የቆመ ተቋም ነበረ። እንግዲህ ያቺ ቧልት ሁለቱንም በድላለች፤ ሯጩን የደገፈውን ትረሳለች፤ ኳሰኛውን ያልደገፈውን ትሸፍናለች። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ጥፋቱን ተፈጥሮ ታስመስለዋለች። ተፈጥሮ ነው ከተባለ ማን ይጠየቃል? ሜዳስ ማን ይሠራል?

ወንድም ጋሼ ዛሬ ቡና ነጋዴ ነው፤ ኑሮው ደህና ነው፤ እንዲታዘንለትም አይፈልግም። ባለፈው ክረምት ልጠይቀው ሄጄ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ኳሳችን ምን እንደሚባል ነገርኩት። ጥቂት ሳቀ፤ ስኒውን አስቀመጠ፤ ከዚያም፣ «አሥራ አንዱን ጣሳ ታዲያ ማን አዋጣው በላቸው» አለኝ።