ከደብረ ብርሃን ባና እስከ አልዩ አምባ ጥጥ

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰንዳፋንና ሸኖን አልፋችሁ ጫጫ ስትደርሱ ሜዳው ይሰፋል፣ ነፋሱም ይለወጣል፤ የመኪናውን መስኮት ከፍቶ የነበረ ሁሉ ይዘጋል። በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በነርስነት ተመርቄ የተመደብኩት በዚሁ በሰሜን ሸዋ ደጋ ነበር። ባለፈው ኅዳር፣ የመንገዱን ሰላም ሦስት ሰው ጋ ደውዬ ካረጋገጥኩ በኋላ የሄድኩት ግን ለሥራም ለለቅሶም አይደለም። ለልጅ ልጄ የበግ ጠጉር እንዴት ልብስ እንደሚሆን ላሳያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ 20 ዓመቷ ነው፤ የሂሳብ አያያዝ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። እጇ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይሰፋል። አሁን ከአገር ባህል ጨርቅ ቦርሳና ጃኬት እየሠራች ለጓደኞቿ መሸጥ ጀምራለች። ስመረቅም በዚሁ ልኑር ትላለች። አባቷ፣ ማለትም የእኔ ልጅ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት አስተምሬሽ ፈታይ ልትሆኚ ነው?» ብሎ ቤቱ ሁለት ወር ሰላም አጣ። እኔ የማንንም ወገን አልያዝኩም። በእጅ ሥራ ይኖራል ወይስ አይኖርም የሚለውን፣ በእጅ ሥራ ከሚኖሩት ዘንድ ሄደን እንጠይቅ አልኳቸው። አባት ሥራ አለብኝ ብሎ ቀረ።

ከጫጫ ብዙም ሳይርቅ አንጎለላ አለ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱበት ቦታ ነው። ስለ ንጉሡ ለልጅቷ የነገርኳት ግን ስለ ዓድዋ አልነበረም፤ እሱን በትምህርት ቤት ታውቀዋለች። በ1900 ዓ.ም. ስላወጡት አዋጅ ነው የነገርኳት። በዚያ አዋጅ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ሌላውንም ባለሙያ በሙያው ስም እየጠሩ መስደብን ከልክለዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። የተማረ ሰው ግን ዛሬም ቤቱ ተቀምጦ «ፈታይ» የሚለውን ቃል ለልጁ እንደ ስድብ ይወረውራል። «ይህን ለአባዬ አንቺው ንገሪልኝ» አለችኝ።

ደብረ ብርሃንን የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ ከሰማይ ብርሃን ታየባት ተብሎ ስሟም ከዚያ መጣ። እኛ በሥራ የኖርንባት ግን ከብርሃኗ ይልቅ በብርዷ ነው የምናውቃት። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል። እንዲህ ባለ አገር ሰው የሚለብሰውን ከአጠገቡ ይፈልጋል፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ በግ ነው። የመንዝ በግ ሰውነቷ ትንሽ ነው፤ ጠጉሯ ግን ሻካራና ብርቱ ነው። ከዚያ ጠጉር ባና ይሠራል፣ ወፍራሙ ዝተት ይሠራል፣ ወንዶች የሚደርቡት በርኖስ ይሠራል። ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ እንደተፈጥሮው ስለሚፈተል ማቅለም አያስፈልግም። ባናው ላይ የምታዩት መስመር የበጎቹ መልክ ነው።

በ1950ዎቹ በከተማዋ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቋመ። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ አንባብያን ያን ብርድ ልብስ ታውቁታላችሁ። አሁን ገበያውን የያዘው ከውጭ የሚገባው፣ ነብርና ጽጌረዳ የታተመበት ለስላሳው ነው። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል። በገዢው አልፈርድም። ወጣት ነርስ ሳለሁ በቅማል የሚመጣው ተስቦና ግርሻ የያዘው በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምንፈትሸው የልብሱን ስፌት ነበር። በብርድ አገር ሰው ደራርቦ ስለሚለብስና ስለማያወልቅ የልብስ ቅማል ይመቸዋል፤ ባና ደግሞ እንደልብ አይታጠብም። ስለዚህ ስለ ባና የሚያወራ ሰው ናፍቆት ብቻ ይዞ ባይመጣ ደስ ይለኛል።

ከገበያው ወረድ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ፣ በእኔ ዕድሜ የሚሆኑ አንዲት ሴት ዱካ ላይ ተቀምጠው ሲፈትሉ አገኘናቸው። የተሸለተው ጠጉር ይታጠባል፤ ሲደርቅ ጭቃውና እሾሁ በእጅ ይለቀማል፤ ከዚያ ይነደፋል፣ ወደ እንዝርት ይሄዳል። በእሳቸው ቤት ሽመናው የወንድ ሥራ ነው፤ እስከዚያ ያለው ሁሉ የሴት ነው። እኔ ያየሁት እጃቸውን ነው። ያን ያህል ዓመት የሠራ እጅ ቆዳው የተሰነጠቀ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ለስላሳ ሆኖ አገኘሁት። ምክንያቱን በኋላ ሳስበው ገባኝ፤ በሕክምና ላኖሊን እያልን በቅባት ውስጥ የምንጠቀመው ከዚሁ ከበግ ጠጉር የሚወጣው ስብ ነው። ከሞተ በግ የተሸለተ ጠጉር ይቀበሉ እንደሆነም ጠየቅኳቸው። በፍጹም አሉ። አባ ሰንጋ በጠጉርም እንደሚተላለፍ እንግሊዝ አገር የሱፍ ሠራተኞች በ19ኛው መቶ ዘመን ሳንባቸውን ከፍለው ነው ያወቁት። እኚህ ሴት ከእናታቸው ሰምተው ያውቁታል።

«እማማ፣ ለመልመድ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለች ልጅቷ።

«የቱን? መፍተሉን ነው መቀመጡን?»

«ሁለቱንም።»

«መፍተሉ በአንድ ክረምት ይለመዳል። መቀመጡ እንደ ሰዉ ነው።»

ከዚያ ልጅቷ ያልጠበቅኩትን አደረገች። ደብተሯን አወጣችና ትጠይቅ ጀመር፤ ለአንድ ባና ጠጉሩ በስንት ይገዛል፣ ሸማኔው ስንት ይቀበላል፣ ፈትሉ ስንት ቀን ይወስዳል። ከቤት ሥራ ጋር ወር ተኩል አሏት። ደመረች፣ ቀነሰች፣ ለቀኑ አካፈለች። የወጣው ቁጥር የቀን ሠራተኛ ከሚያገኘው እጅግ ያነሰ ነበር። አሳየቻቸው። ሴትየዋ ሳቁ። «ይህንንማ ሳልጽፈው አውቀዋለሁ» አሉ። ታዲያ ለምን ይሠራሉ ብትላቸው «እጄን ምን ላድርገው?» ብለው መለሱላት። ከሴት ልጆቻቸው አንዷም ሥራውን አልለመደችም። ታላቂቱ ከከተማዋ አዳዲስ ፋብሪካዎች በአንዱ ተቀጥራለች፤ ደመወዟ ወሩን ጠብቆ ይመጣል።

እዚህ ላይ አሳቤን ልናገር። ሙያ የሚሞተው ወጣቱ ስለሰነፈ ነው የሚሉ እኩዮቼን ብዙ ሰምቻለሁ፤ አልቀበላቸውም። ባናን የሚገዛው የበረደው ሰው ነው፤ የበረደው ሰው ገንዘብ የለውም። ገንዘብ ያለው ሰው ደግሞ አይበርደውም። ያ ጠጉር ሌላ መልክ ይዞ፣ ሌላ ገዢ ዘንድ ካልሄደ በቀር የእኚህ ሴት ቀን ዋጋ አያወጣም። መልኩን የሚለውጠው ደግሞ ፈትሉን የሚያውቅና መቀስ የሚይዝ፣ ሂሳብም የሚችል ሰው ነው።

አንድ ችግር ነበር። ልጅቷ የባናውን ጫፍ አንገቷ ላይ አድርጋ ጥቂት እንደቆየች ቆዳዋ ቀላ። ይቧጥጣል። «ገበር ያስፈልገዋል» አለች፤ ማታ አልጋ ላይ ሆና ስለዚሁ ስታስብ አመሸች።

በማግሥቱ ወደ አንኮበር ሄድን፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በገደሉ አፋፍ ጭላዳዎች ሣር ይነጫሉ። የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ላይ በኋላ ሎጅ ተሠርቶ ነበር፤ መውጫው ለጉልበት ያስቸግራል፣ ዱላ የምትይዙ ዱላችሁን አትርሱ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደዚህ የመጣው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ፣ በአንኮበር አካባቢ ስለሚኖሩ ጠቢባን ስለሚባሉ ባለ እጅ ሰዎች ጽፏል። ሕዝቡ ሥራቸውን ይፈልጋል፣ እነሱን ግን ይፈራቸዋል።

ከዚህችው አንኮበር በ1925 ዓ.ም. የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ተወለዱ። በ15 ዓመታቸው እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። እዚያ ሲደርሱ ወደ ሥነ ጥበብና የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ዞሩ። በአፍሪካ አዳራሽ 150 ሜትር ካሬ የሚሸፍነውን ባለ ቀለም መስታወት ሁላችንም እናውቀዋለን። ቴምብርና የክብር ልብስ ሳይቀር ነድፈዋል፤ አዲስ አበባ ያለውን ቪላ አልፋ የተባለ ቤታቸውንም ንድፍ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ልጅቷ ይህን ስነግራት «አባታቸው ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ እንደ አፈወርቅ ያለ ሰው በመቶ ዓመት አንድ እንደሚገኝ ነገርኳት፤ በእሳቸው ምሳሌ ቤት ኪራይ እንደማይከፈል ማወቅ አለባት። ከባለ ፈትሏ ሴት የምትማረው ይበልጣል።

ከአንኮበር ወደ ምሥራቅ ቁልቁል አልዩ አምባ ትታያለች። ድሮ ከታጁራ የሚመጣው ነጋዴ ወደ ሸዋ የሚገባባት ገበያ ነበረች። መንገዱ በወረደ ቁጥር ሹራብ ይወልቃል፤ ጠዋት ባና ለብሶ የተነሳ ሰው ከቀትር በፊት ጥላ ይፈልጋል። ደጋው ጠጉር፣ ቆላው ጥጥ። አርጎባዎች በንግድና በሽመና የታወቁ ሕዝቦች ናቸው፤ ልጅቷ ሌሊቱን ስትፈልገው ያደረችውን ገበር ያገኘችው አንድ አርጎባ ሸማኔ ቤት ነው። ሰውየው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያውን ከዚህ ወዲያ ይወረውራል። ወገቡን ያመው እንደሆነ ስጠይቀው ከመሸ በኋላ ነው አለኝ። በየሰዓቱ ብድግ እያለ እንዲንጠራራ መከርኩት። የሚሰማኝ አይመስለኝም።

ልጅቷ ከባናው ቁራጭ አሳየችው። ዳሰሰው፣ አገላበጠው፣ ከራሱ ጥጥ ጋር አስጠግቶ አየው። «የደጋ ነው» አለ። «ስንት ክንድ ትፈልጊያለሽ?»

«ለመጀመሪያ አሥራ ሁለት።»

ቀብድ ጠየቀ። ከራሷ ከቦርሳ ሽያጭ ካጠራቀመችው ቆጥራ ሰጠችው፣ ደብተሯ ላይም ጻፈች። ስትመለስ ለመውሰድ ብቻዋን መምጣት አለባት፤ የእኔ ጉልበት ያንን ቁልቁለት ሁለተኛ አይወርደውም።

ስልኳ ኔትዎርክ ያገኘው ወደ አንኮበር ወጥተን ነው። ለአባቷ ደወለች። መጀመሪያ ያላት «ስንት አወጣሽ?» ነው። ነገረችው። ዝም ብሎ ቆየና ቦርሳው በስንት እንደሚሸጥ ጠየቃት።