ቡሬ ላይ የተገጠመ መቀርቀሪያ

ጥር 2015 ዓ.ም.፣ ምዕራብ ጎጃም

ከደብረ ማርቆስ በማለዳ ተነሥተን፣ ደምበጫን አልፈን፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ቁርስ በላን። መኪናው የጓደኛዬ ነው፤ ወንበሮቹ ወጥተው አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና የውኃ በርሜል የገባለት ሚኒባስ። በቀኝ ጎኑ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ተጠቅላይ የጥላ ሸራ አለው። መኪናው ቆሞ ሸራው ሲሳብ ሁለት ክንዶች ደግፈውት በረንዳ ይሆናል። ለጉዞ ሲሰናዱ ደግሞ ውስጡ ሞላ ያለው የአሉሚኒየም ቧንቧ መልሶ ይጠቀልለዋል።

ማንኩሳ ላይ ያስቆመን የሸራው ጩኸት ነው። የበጋው ነፋስ ከምሥራቅ፣ ከጮቄ በኩል፣ ሜዳውን እየጠረገ ጎናችንን ይመታል። ወርደን ስናይ ሸራው ከጥቅልሉ ስንዝር ያህል ወጥቷል። ቧንቧው እንዳይዞር የሚይዘው የፕላስቲክ መያዣ ተሰንጥቋል። ነፋስ አንዴ ከሸራው ሥር ከገባ የሞላው ጉልበት አይመልሰውም፤ ሸራው እንደ ጀልባ ሸራ ተነፍቶ ቧንቧውን ያዞራል፣ ክንዶቹም ይከፈታሉ። ጋሪና ባጃጅ በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ያ ቢሆን መዘዙ ለእኛ ብቻ አይደለም። በገመድ ጠፍረነው ቀስ እያልን ቡሬ ገባን።

ለእንዲህ ያለ ሥራ ከቡሬ የተሻለ ከተማ በዚያ መስመር አይገኝም። መንገዱ እዚህ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ እንጅባራና ባሕር ዳር ይወጣል፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይወርዳል። የአገሩ በርበሬና በቆሎ በጭነት መኪና የሚወጣው በዚህ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቁት የዘይት ፋብሪካና የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ሌላ ጭነት ጨምረዋል። ጭነት ባለበት ጎሚስታና ብየዳ ቤት አይጠፋም።

በየዳው ጠና ያለ ሰው ነው። ሸራውን ዞር ብሎ አየና፣ «የፈራችሁት ሌባ ነው ነፋስ?» አለን።

«ነፋስ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያ ቁልፍ ምን ያደርግላችኋል? በእጅ የሚነቀል ፒን ይበቃል። ዝናብ ድንገት ሲመጣ ቁልፍ ስትፈልጉ አታገኙም።»

ጓደኛዬ የቧንቧውን ጫፍ ክዳን ሊፈታ መፍቻ ሲያነሣ እጁን ያዘው። ውስጡ ያለው ሞላ ተጠምዝዞ የተቀመጠ ነው፤ ቧንቧው ሳይታሰር ክዳኑ ከተፈታ በአንድ ጊዜ ተፈትልኮ ጣት ይሰብራል። ክዳኑን የሚያስፈታ ሥራም አልነበረንም። በየዳው ቧንቧውን ከውጭ አቅፎ የሚይዝ መቀርቀሪያ ለመሥራት ከወፍራም ላሜራ ሁለት ግማሽ ክቦችን አጥፎ፣ በአንድ ወገን ማጠፊያ በየደላቸው፣ በሌላው ወገን ለብሎንና ለፒን ቀዳዳ አወጣ። ውስጣቸውን አሮጌ ካላማዳሪ አለበሰው። እንዲሁ አድርጎ ሁለተኛ ሠራ፤ አንዱ በፊተኛው ክንድ፣ አንዱ በኋለኛው እንዲያዝ። በአንድ ጫፍ ብቻ የተያዘ ቧንቧ በሌላው ጫፍ መወዛወዙን አይተውምና።

ብሎኑ የማይዝግ እንዲሆን ጠይቆ ከጎረቤት ሱቅ አስመጣ። የማይዝግም ቢሆን ብረት ከአሉሚኒየም ጋር ተነካክቶ እርጥበት ሲያገኘው አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ስለዚህ በመካከላቸው የጎማ ሮንዴላ ገባ።

ብየዳው ፈጥኖ አለቀ፤ ጊዜ የወሰደው ማጥበቁ ነው። ዳዶው ከላላ ሸራው ያንኳኳል፣ እየተፋተገም ያልቃል። እጅግ ከጠበቀ ደግሞ ስስ የሆነው ቧንቧ ይጨመደዳል፤ የተጨመደደ ቧንቧ ሸራ ቀጥ አድርጎ አይጠቀልልም። ሰውየው በጎማውና በቧንቧው መካከል ቁራጭ ወረቀት አስገብቶ እየሳበ ይለካል። ወረቀቱ በቀላሉ ከወጣ ትንሽ ያጠብቃል፣ ተይዞ ከቀረ ያቆማል። ከዚያ እሱ ሸራውን በሁለት እጁ ወደ ታች ሲስብ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ቧንቧው መዞር አለመዞሩን አይ ነበር።

አጠገባችን በርበሬ የጫነ አይሱዙ ጎማ ያስለጥፋል። ረዳቱ ከጭነቱ ላይ ሆኖ ሥራውን ሲከታተል ቆየና፣ «አሁን ያሰራችሁት ለመነሣት ነው፤ ለመድረስ የሚታሰረው መንገድ ላይ ነው» አለን። ጆንያው በጉዞ ይረግጣል፣ ገመዱ ይላላል፤ ሸራ ለብሶ የሚሄድ መኪና ሁሉ ጥቂት ተጉዞ ቆሞ ያጠብቃል። በየዳውም ራሱን ነቀነቀ። ካላማዳሪውም እየተጫነ ይሳሳል፣ ያኔ ዳዶው ክፍተት ያገኛል።

ጥሊሊ ስንደርስ ቆመን ፈተሽን። የኋለኛው እንደታሰረ ነው። ነፋሱን ቀድሞ የሚቀበለው የፊተኛው ግን ግማሽ ዙር ፈለገ፤ ወረቀቷን አስገብተን፣ እስክትያዝ ብቻ አጠበቅነው። እንጅባራ ስናድር ሸራውን ዘረጋን። ፒኑ በጨለማ በአንድ ጣት ተነቀለ፤ ቁልፍ የፈለገ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ መፍቻውና ያቺ ወረቀት ከዕቃ ሳጥኑ ወጥተው በሾፌሩ በር ኪስ ውስጥ ተቀምጠዋል። ዳንግላ ላይ ለነዳጅ ስንቆም ጓደኛዬ የነዳጅ ታንኩ ሳይከፈት ሁለቱንም ጫፍ ዞሮ ነካ።