ዜማው የማን ነው? ከኦሃዮ እስከ ጨንቻ

«ዲክሲ» የሚባለውን ዘፈን በስም የማያውቅ ሰው እንኳ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በተሠራ ፊልም ውስጥ ዜማውን ሳይሰማው አይቀርም። በ1859 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ውስጥ ለመድረክ ያበቃው ዳን ኤሜት የሚባል የኦሃዮ ነጭ ነው። ያኔ «ሚንስትረል» የሚሉት ትርዒት የአሜሪካኖች ትልቁ መዝናኛ ነበር። ነጮቹ ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ ያጠቁሩና የጥቁሩን አነጋገር፣ አረማመድና ጭፈራ እያስመሰሉ ሕዝቡን በሳቅ ያፈርሱታል። የሚደረድሩት ባንጆ ራሱ አፍሪካውያን ባሮች ይዘውት የመጡት የእጅ ሥራ ነው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በየካቲት 1861፣ ጄፈርሰን ዴቪስ የደቡቡ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲሾም ይኸው ዘፈን ተመታ። ባርነት አይነካብን ብለው የዘመቱ ሰዎች መዝሙራቸው ያደረጉት ጥቁር ነኝ እያለ የሚዘፍን ነጭ ዘፈን መሆኑን ልብ ይሏል። በ1865 ደቡብ ሲሸነፍ ሊንከን ዜማውም ተማርኳል ብሎ ቀለደና ባንዱ እንዲጫወተው ጠየቀ።

ኤሜት በተወለደበት ኖክስ ካውንቲ ስኖውደን የተባሉ ጥቁር ሙዚቀኛ ቤተሰብ ነበሩ። ዘፈኑን ለኤሜት ያስተማሩት እነሱ ናቸው ይባላል፤ በሁለቱ ወንድማማቾች፣ በቤንና በሉ፣ መቃብር ድንጋይ ላይም ይኸው ተጽፏል። የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ክርክሩ የበረታው አንደኛው ወገን የታተመ ወረቀት ሲኖረው ሌላኛው ያለው የአገር ሰው ትውስታ ብቻ ስለሆነ ነው።

ይህ ለአርባ ምንጭ ሰው ምኑ ነው? ብዙ ነገሩ ነው እንጂ!

ዶርዜ ከጋሞ ደጋ አገሮች አንዱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ሽሮ ሜዳ ተቀምጦ የሚሸምን ጋሞ ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ዶርዜ ተባለ። ስሙም ለብዙ ጊዜ ከንቀት ጋር ነበር የሚጠራው። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ በ1900 ያወጁት ያለ ምክንያት አልነበረም። በኋላ ደግሞ ያው ስም መድረክ ላይ ወጣ፦ ቀይና ቢጫ ጥለት ያለው ሱሪ፣ ፈጠን ያለ ምት፣ ወገብ። በቃ፣ «ዶርዜ» ማለት ይህ ሆነ።

የዶርዜ ሙዚቃ ትልቁ ነገር ግን ያለው ድምፁ ላይ ነው። ደገኛው ኢትዮጵያ በአብዛኛው አንድ ዜማ ተከትሎ ሲዘፍን፣ ዶርዜዎች በአንድ ጊዜ በተለያየ ድምፅ ይዘፍናሉ። አንዱ ይመራል፣ ሌላው በላይ ይገባል፣ ሌሎቹ ከሥር ይይዙታል። ይህን ብሎ ፈረንሳዊው ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ መቅረጫውን ይዞ ተራራ ወጣ፤ ሥራውም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይ ውስጥ በሸክላ ታተመ። እኛ ዘንድ ድምፁ ቀርቶ ኪቦርድ ተተካበት።

በእርግጥ ፊት ማጥቆር የለም፣ ማላገጥም የለም፤ ጨፋሪው አክብሮ ነው የሚጨፍረው። ከሚንስትረል ጋር እኩል ማድረግ ግፍ ይሆናል። አካሄዱ ግን ይመሳሰላል። ዜማው ከባለቤቱ እጅ ይወጣል፣ ይሳጠራል፣ ይፈጥናል፣ ከዚያ መልሶ «እናንተ እንዲህ ናችሁ» ይላቸዋል። ዛሬ የጋሞ ልጅ ራሱ ሠርጉ ላይ የሚጨፍረው ብዙ ጊዜ ከቴሌቪዥን የተማረውን ነው።

የበለጠ የሚያስቸግር ጥያቄ ደግሞ አለ። ጋሞ ውስጥ ማላ አለ፣ ማና አለ፣ ደጋላ አለ። ሸክላ የሚሠራውና ቆዳ የሚፍቀው ከማላ ጋር አይጋባም፤ መሬትም እንደ ሌላው አልነበረውም። በደቡባችን በብዙ ቦታ ለቅሶ ላይ የሚያዜመውና ከበሮ የሚመታው ደግሞ እንዲህ የተገፋው ሰው ነው። ስማችንን ወሰዱብን የሚል ሁሉ የእነዚህን ሰዎች ስም ጠርቶ ያውቃል? በመስከረም 2011 የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ለበቀል የወጣውን ወጣት መልሰዋል። ይህን የቻለ አገር ማናውን በስሙ መጥራት አያቅተውም።

በሚመጣው ዮ ማስቃላ ስልክ ያልያዘ ወጣት አይኖርም። ቪዲዮውን ሲለቅ «የጋሞ ባህላዊ ጭፈራ» ብሎ ብቻ ባይተወው፤ የቀበሌውን ስም፣ መሪ ድምፁ የማን እንደሆነ፣ ከበሮውን የመታው ሰው ማን እንደሚባል ይጻፍበት። ከሁለት መስመር አይበልጥም።