ሳምንት ያልሞላው ፍርድ

ዛሬ ስለ አልበሞች ልናወጋችሁ ነው የተቀመጥነው። ከዚያ በፊት ግን ኑዛዜ አለብን። እሱን ሳንናገር በሰው ሥራ ላይ ብንፈርድ ነውር ይሆንብናል።

እኛ ቤት አንድ ቴፕ ነበር። የአባታችን ነው። አርብ ማታ ከሥራ ሲገቡ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ አንድ ካሴት ይከቱበታል፤ የኃይሉ መርጊያን። ዘፋኝ የለበትም። አኮርዲዮንና ኪቦርድ፣ ከሥር ደግሞ ቲክ ቲክ የሚል የማሽን ከበሮ፣ በቃ። እኛ ልጆቻቸው አንወደውም ነበር። «የዜና መጠበቂያ» የሚል ስም አውጥተንለታል፤ ሬዲዮ ላይ ዜና እስኪደርስ ድረስ የሚለቋትን የመሣሪያ ሙዚቃ ስለሚመስለን። ደግሞስ ድምፃዊ የሌለው ካሴት ምኑ ካሴት ነው?

በ1994 ዓ.ም. ግድም ከኤፍ ኤም ሬዲዮ ላይ የራፕ ዘፈኖች መቅዳት ያዝን። ባዶ ካሴት መግዣ ግን የለንም። እንዳይቀዳበት ተብለው ካሴት ጀርባ ላይ የሚሰበሩት ሁለት ቀዳዳዎች በሶፍት ሲጠቀጠቁ እንደሚቀዳባቸው አንድ የሰፈር ልጅ አስተምሮን ነበር። ጠቀጠቅን። ቀዳን። የትኛው ካሴት ላይ እንደሆነ መቼም ገብቷችኋል።

አርብ ማታ አባታችን ካሴቱን ከተቱ። የማያውቁት አሜሪካዊ ጮኸባቸው። እኛ ጓዳ ሆነን ትንፋሻችንን ውጠን ቁጣውን ስንጠብቅ ቁጣ የለም። ካሴቱን አወጡት፣ ገልብጠው አዩት፣ መልሰው ሳጥኑ ውስጥ ከተቱት። ማን ነው ብለው አልጠየቁም። ከዚያ በኋላ አርብ ማታ ዜና ብቻ ሆነ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ የልጅነት ጥፋት ብለን እንረሳው ነበር። አላለቀም። አንድ አሜሪካዊ ሙዚቃ ሰብሳቢ ይህንኑ ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። ሥራው መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ከቀረ በኋላ ዋሽንግተን ላይ ብቻውን ቁጭ ብሎ የቀዳው ነው። ካሴቱ እንደገና ሲታተም ሰውየው እዚያው ታክሲ ይነዳ ነበር። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ የኋላ ወንበር ላይ ይለማመዳል አሉ። የውጭ ጋዜጦች ሲያደንቁት እኛም አብረን አደነቅን። በፌስቡክ ሳይቀር «የኛ ጀግና» ብለን ለጠፍን። ማታ አልጋችን ላይ ጋደም ብለን በጆሮ ማዳመጫ ስንሰማው ግን፣ ያቺ ቲክ ቲክ የምትል ከበሮ ስትመጣ፣ የአባታችን ጫማ ታየን። የኛው ቤት ሙዚቃ ሙዚቃ መሆኑን ለማመን የፈረንጅ ምስክር አስፈልጎን ነበር ማለት ነው። አፈርን።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አወጣን። አዲስ አልበም ሲወጣ ሦስት ጊዜ ሳንሰማ አስተያየት አንሰጥም። አንዱን ብቻችንን፣ አንዱን ሥራ እየሠራን፣ አንዱን ደግሞ ከኛ እድሜ ካልሆነ ሰው ጋር። ከባዱ ሦስተኛው ነው።

ሕጉን አክብረናል ብለን እንዳንዋሽ፣ የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ጥሰነዋል። አገር ሁሉ ጥሶታል። አልበሙ ቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሠንጠረዥ አናት ላይ ሲወጣ፣ እኛ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስለ ርዕሱ እንጨቃጨቅ ነበር። ስለ ዜማው የተናገረ ሰው ትዝ አይለንም። ደጋፊውም ተቃዋሚውም ፖለቲካ ነበር የሚያዳምጠው። «ማር እስከ ጧፍ»ን በእርጋታ የሰማነው ከወራት በኋላ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ መንገድ ተዘግቶ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ይዞ የሄደበት መንገድ ያን ቀን ገባን። ሰውየው ተረት ነጋሪ ነው። ቅንብሩ አንዳንድ ቦታ ላይ ጣፋጭ ይበዛበታል ባዮች ነን፤ ስኳሩ ቢቀነስ ቡናው ይሻል ነበር። ይህን ለማለት ግን መጀመሪያ ቡናውን መጠጣት ይገባን ነበር።

ሮፍናን «ነጸብራቅ»ን በ2010 ዓ.ም. ሲያወጣስ? የመጀመሪያው ቀን ላይ «የክለብ ጩኸት» አልን። እዩልን እንግዲህ፤ አባታችንን «የዜና መጠበቂያ» ብለን የሰደብን ሰዎች ራሳችን አባታችንን ሆንን! ሁለተኛው ላይ፣ ልብስ እያጠብን፣ ከኤሌክትሮኒክ ምቱ ሥር የአገር ቤት እስክስታ ተሸሽጎ አገኘነው። ትከሻችን ከኛ ቀድሞ ነው ያወቀው። ቅሬታችን አንድ ነው፤ ምቱ ከፍ የሚልበት ቦታ አንዳንዴ ከሩቅ ይታወቃል። ቢሆንም በኮምፒውተር የተሠራ ሙዚቃ አገር የለውም የሚለውን ክርክር ለኛ ዘግቶልናል።

የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ «ሱቨኒርስ» ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እማሆይ እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ ካረፉ በኋላ፣ በ2024 የወጣ ነው። በፒያኖ ብቻ የምናውቃቸው መነኩሲት እዚህ ላይ በአማርኛ ያዜማሉ። የተቀዳው በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው በካሴት ነው። ጥራቱን የሚፈልግ ሰው አያገኝም። ድምፁ ይሻክራል፤ ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይሰማሉ። በመጀመሪያው ቀን «ይህን ማጽዳት አቅቷቸው ነው?» ብለን ነበር። ሦስተኛው ላይ ገባን። ወፎቹ ቢወጡ ቤቱም አብሮ ይወጣል። አገር ጥለው ከመሄዳቸው በፊት የነበረው ቤት ማለታችን ነው።

የቅርቡ የሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ»። እድሜው ሰማንያ ካለፈ በኋላ የራሱን የድሮ ሥራዎች እንደገና ከፍቶ ሠራቸው። ክራሩም፣ መሰንቆውም፣ ዋሽንቱም ከጃዙ ጋር እኩል ወንበር ተሰጥቷቸዋል። እውነቱን ለመናገር የስድሳዎቹን ቅጂ ጠባብ፣ ጭስ ጭስ የሚል ድምፅ እንመርጣለን። አዲሱ ሰፊ ሳሎን ነው፤ የድሮው ጠባብ ግሮሰሪ ነበር። ነገር ግን ሦስተኛውን ከአባታችን ጋር ሰማነው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪያልቅ ድረስ ቆዩና «ሰውየው ቸኩሎ አያውቅም» አሉን። ከዚህ የተሻለ ትችት የጻፈ ሰው ካለ ያምጣ።

ታዲያ ትዕግሥት ሁሉንም አልበም ያሳምራል ወይ? አያሳምርም! ሦስት ጊዜ ሰምተን ሦስቴም የሰለቸን አለ። ዐሥራ አራት ዘፈን ተደርድሮ ዐሥራ አራቱም በአንድ ፍጥነት የሚሄድ፣ የድምፃዊው ጉሮሮ በማሽን ተስተካክሎ ማን እንደሆነ የማይለይ፣ ግጥሙ «ናፈቅሽኝ»ን አሥር ጊዜ ብሎ ለምን እንደናፈቀችው የማይነግረን ሞልቷል። እነዚህን አንወድም፤ አንወድም ማለትም መብታችን ነው። ልዩነቱ አሁን ሰምተን መጥላታችን ነው። ዛሬ በስልክ አንዱን ዘፈን ሃያ ሴኮንድ ሰምቶ ወደሚቀጥለው መዝለል ይቻላል። በካሴት ጊዜ ለመዝለል እንኳ ክሩን ማጠንጠን ነበረብህ። ስንፍናችን ስንቱን ዘፈን አስወደደን!

ባለፈው እሑድ አባታችን ጋ ሄደን ነበር። አንድ ጆሯቸው ደክሟል። ኃይሉ መርጊያን በስልካችን ከፍተን በደህናው ጆሯቸው በኩል አስጠጋንላቸው። አኮርዲዮኑ ሲገባ ፈገግ አሉ፤ ምንም አላሉም። እኛም ከሃያ ዓመት በላይ ያቆየነውን ይቅርታ ለመጠየቅ አፋችንን ስናነሳ፣ ታናሽ ወንድማችን ሳያውቅ የራሱን ከፈተ፤ «ነጸብራቅ»ን። ግማሽ ዘፈን ያህል በጥሞና ሰሙና ስልኩን ገልበጥ አድርገው ጀርባውን አዩት።

«ለመሆኑ የዚህ ቀዳዳው በየት በኩል ነው?» አሉን። «ሶፍት ጓዳ አለ።»