አባታችን ሸጎሌን ሲያዩ

ባለፈው የግንቦት ወር አባታችን እኛን ሁለቱን ወንድማማቾች ለመጠየቅ ከአሶሳ መጡ። አሶሳ ለሱዳን ወሰን ቅርብ፥ ከአዲስ አበባ ግን ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀች ናትና፥ በእኛ ሰፈር ለትምህርት አዲስ አበባ የገባ ልጅ ባሕር እንደ ተሻገረ ይቈጠራል። የወለጋው መንገድ ስላሰጋቸው የመጡት በአውሮፕላን ነው። በአንድ እጃቸው ማንጎ የሞላ ከረጢት፥ በሌላው የደረቀ ባሚያ ይዘው ነበር። ማንጎውን ጓደኞቻችን አንድ ሌሊት እንኳ አላሳደሩትም፤ ባሚያውን የነካው የለም።

እውነቱን ለመናገር፥ መምጣታቸውን የሰማን ዕለት ከደስታችን ጭንቀታችን በለጠ። ሦስት ዓመት ሙሉ በስልክ «አዲስ አበባን ለምደናታል፥ የማናውቀው ሰፈር የለም» ስንል ኖረናል። የምናውቀው ግን ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ ያለውን መንገድና ሻይ በዱቤ የሚሰጡንን ሁለት ቤቶች ብቻ ነው።

ስለዚህ ከምናውቀው ጀመርን። ግቢያችን ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እንደ ነበረና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው እንደ ሰጡት ነገርናቸው። አባታችን አዳራሹን ዙሪያውን ተመለከቱና «ንጉሡስ ቤታቸውን ለተማሪ ሰጡ፤ ተማሪው ምን ሰጠ?» ብለው ጠየቁን። ወደ ሙዚየሙ ፈጠን አልን። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችውን ድንቅነሽን ባሳየናቸው ጊዜ፥ በመስተዋቱ ውስጥ ያለው ቅጅ እንደ ሆነ ሲረዱ «እውነተኛይቱስ?» አሉ። ተቈልፎባት በጥንቃቄ ትቀመጣለች አልናቸው። «ደግ አደረጉ፤ ሽማግሌ ሰው እንዲህ ሲታይ አይውልም» አሉ።

ከቤኒሻንጉል መምጣታቸውን የሰማ ሁሉ ስለ ሕዳሴው ግድብ ይጠይቃቸው ነበር። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ያለው ጉባ ነው፤ አባታችንም አላዩትም። ቢሆንም ጠያቂውን ላለማሳፈር፥ የታመመ ዘመድ እንደሚጠየቅላቸው ሁሉ፥ «ደኅና ነው፥ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ።

ዓርብ ዕለት በታላቁ አንዋር መስጊድ ሰግደን በመርካቶ በኩል ስንወጣ አንድ የታክሲ ረዳት «ሸጎሌ! ሸጎሌ! የሞላ!» እያለ ይጮኻል። አባታችን ቆሙ።

«ምን ነው የሚለው?»

«የሰፈር ስም ነው» አልን።

«የማን ሰፈር?»

የሰፈር ባለቤት ማን ይሆናል ብለን ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ሼህ ሆጀሌ ነው የሚለው። ሼህ ሆጀሌ! እናንተ ሦስት ዓመት ምን ስትሰሙ ነበር?» አሉን በሩጣንኛ፥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

አፈርን። ከሁለታችን አንዱ የታሪክ ተማሪ ነው። የአሶሳው ገዥ የሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ስም ለፈተና የተጠና ስም ነበር፤ ከ1890 ዓ.ም. የራስ መኰንን ዘመቻ በኋላ ለዐፄ ምኒልክ ወርቅ ይገብሩ እንደ ነበር፥ በ1930 ዓ.ም. ገደማ እንደ ሞቱ ሁሉ እናውቃለን። በአዲስ አበባ ቤት እንደ ነበራቸውም አንብበናል። ያንን ስም ግን በየቀኑ ከምንሰማው ጩኸት ጋር አላገናኘነውም።

ታክሲው ውስጥ ሆነን ኀፍረታችን ወደ ኩራት ተለወጠ። በዚህ ሁሉ ከተማ ውስጥ የእኛ የሆነ አንድ ነገር ተገኘ ብለን፥ ለጓደኞቻችን የምንናገረውን ከወዲሁ እናሰናዳ ጀመር። ጉለሌ ደርሰን እየጠየቅን ከአሮጌው ቤት ፊት ቆምን። ያ የአገራችን ወርቅ እዚህ መጥቶ ቤት ሆነ አልን። አንዳችን ስልኩን አወጣና አባታችን ከፊቱ እንዲቆሙ ለመናቸው።

«ከቤቱ ጋር አታንሡኝ» አሉ።

ዝም ብለን ጠበቅን። እሳቸው ቤቱን ትክ ብለው እያዩ፥ የአያታቸው ታናሽ እኅት ገና ልጅ ሳለች ውኃ ልትቀዳ እንደ ወረደች ቀረች፤ የሼሁ ሰዎች ወሰዷት ተባለ፤ ሌሎቹ ልጆች ቀርከሃው ውስጥ ተደብቀው ተረፉ፤ አያታቸውም እስኪሞቱ ድረስ ውኃ ወዳለበት ብቻቸውን አይወርዱም ነበር አሉን። በዚያ ዘመን ከወርቁ ጋር ሰውም ይገበርና ይሸጥ እንደ ነበር፥ የሼሁ ሚስት የሲት አምና ስምም በዚሁ ንግድ እንደሚነሣ እኛም አንብበናል። ባርነትን የሚከለክለው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ይህን ሁሉ እያወቅን ስለ ወርቁ ብቻ ነበር የምናወራው።

«ታዲያ ለምን ሊያዩት መጡ?» አልናቸው።

«ቤቱ የት እንደ ሆነ ማወቅ አለብኝ» አሉ። ጥቂት ቆይተውም «እሷ እዚህ ትድረስ፥ ካርቱም ትድረስ፥ የሚያውቅ የለም» አሉ።

ወደ ታክሲው ተመለስን። በመንገድ ላይ የዚያችን ልጅ ስም ነገሩን፤ እስከዚያ ቀን በቤታችን ሲጠራ ሰምተነው አናውቅም ነበር። ረዳቱ ሒሳብ ሰብስቦ እስኪጨርስ ድረስ ሁለት ጊዜ አስደገሙን።